94 ሜትር

ጉባ ላይ ቀን ቀን ሙቀቱ ላፕቶፕ አያስነካም። የበረራ ሲሙሌተሬን የምከፍተው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ባሕር ከሌላት አገር፣ ያውም ከሱዳን ድንበር ጥግ ቁጭ ብዬ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ጄት አስነሳለሁ። ሳቁ፣ ጓደኞቼም ይስቃሉ።

ለማታውቁት፣ ነገሩ እንደ ቦሌ መንደርደር አይደለም። የፊት ጎማው ላይ ያለው ዘንግ ከመርከቡ ወለል መንሸራተቻ ጋር ይያያዛል። ክብደትህ በትክክል ይመዘገባል፣ ሞተሩን እስከ ጥግ ትለቃለህ፣ ሰላምታ ትሰጣለህ። ከዚያ የታመቀ እንፋሎት ከወለሉ ሥር ያሉትን ፒስተኖች ይገፋና በሁለት ሰከንድ ገደማ ከዜሮ ወደ 260 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትደርሳለህ። ወንጭፍ ነው በቃ፤ ማሽላ ጠባቂ ልጅ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚያባርርበት ዓይነት፣ ድንጋዩ ብቻ ከ20 ቶን በላይ የሆነ።

የእንፋሎቱ ዘዴ የእንግሊዛዊው ኮሊን ሚቼል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ፐርሲየስ በተባለች መርከብ ላይ ተሞከረ። አዲሱ የአሜሪካ ወንጭፍ ግን በኤሌክትሪክ ማግኔት ይሠራል፤ ለአንድ ውንጨፋ እስከ 121 ሜጋጁል ይሰጣል። ሒሳቡን ሠራሁት። እዚህ ግድቡ ላይ ያለ አንድ ባለ 400 ሜጋዋት ተርባይን ይህን ያህል ጉልበት የሚያመነጨው የሰከንድ ሲሶ እንኳ ባልሞላ ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው አያቴ ጉባ ስለመጡ ነው። ግድቡ ከተመረቀ በኋላ ንጋት ሐይቅን ልይ ብለው መጡ። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ምጽዋ የተማሩ፣ «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ያገለገሉ።

እሷን መርከብ ስንቶቻችን እናውቃታለን? አሜሪካኖች ሲሠሯት ስሟ ኦርካ ነበር። ሥራዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ መሙላት፣ መጠገን፣ አብራሪዎቻቸውን ማሳደር ነው። በ1954 ለእኛ ተሰጠችና የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ፣ የዕጩ መኮንኖችም መለማመጃ ሆነች። ወንጭፍ አልነበራትም፤ አውሮፕላኖቿ ራሳቸው ከውሃው ላይ ነበር የሚነሱት። የገረመኝ ግን ርዝመቷ ነው፤ 95 ሜትር ገደማ። የኒሚትዝ ወንጭፍ ሐዲድ ብቻውን ወደ 94 ሜትር ይጠጋል። አያቴ ዕድሜያቸውን የሰጧት መርከብ በጠቅላላ አንድ ወንጭፍ ታክላለች!

አውሮፕላን ተሸካሚ ግን ከታሪካችን ጋር ተገናኝቶ ያውቃል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከእኛ በስተሰሜን፣ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ገቡ። በቀጣዩ ወር፣ በየካቲት፣ ፎርሚደብል ከተባለችው የእንግሊዝ መርከብ የተነሱ አልባኮር አውሮፕላኖች ምጽዋ ወደብ ላይ ያሉትን የጣሊያን መርከቦች ደበደቡ። አልባኮር ባለ ድርብ ክንፍ ነው፤ ቀላልና ዝግተኛ ስለሆነ መርከቧ ወደ ነፋሱ ዞራ ስትፈጥን በራሱ መንደርደር ይነሳል። እኛ ትምህርት ቤት ኦሜድላን ተማርን፤ የምጽዋውን ማንም አልነገረን።

አያቴ አንድ ማታ ከኋላዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ከየት ወደብ ነው የወጣችሁት?»

«አባባ፣ ጨዋታ ነው እኮ።»

«ቢሆንስ? መርከብ ከወደብ ነው የሚወጣ።»

መልስ አጣሁ። ትንሽ ቆይተው ስለ «ኢትዮጵያ» ጠየቁኝ። በግንቦት 1983 ወደ የመን መሸሿን ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የነገራቸው የለም። እዚያው የሆነ ወደብ ላይ ቆማ ዝጋ ይሆናል ብለው ነበር። «አንተ ኢንተርኔት ላይ ነህ፣ እስቲ እይልኝ» አሉ። አይቼው ነበር፣ ከዓመታት በፊት። በስልክ ልነግራቸው እያልኩ ሁሌ ጤናቸውን ጠይቄ እዘጋለሁ።

«ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣለች፣ አባባ። እ.ኤ.አ. በ1993።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ማራገቢያው ብቻ ይጮኻል። ሰዓቴን በልቡናዬ እየቆጠርኩ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ፤ ጄቱ ወንጭፉ ላይ እንደተያያዘ ሰላምታዬን ይጠብቃል።

አያቴ ጎንበስ ብለው የባሕሩን ነጭ አረፋ በጣታቸው ተከተሉ።

«ነፋስህ ከግራ ነው» አሉ። «እንዲህ አድርገህ ሰው አታስነሳም። መጀመሪያ መርከቧን አዙር።»

ጨዋታውን አቁሜ የመርከቧን አቅጣጫ ማስተካከያ ከፈትኩ። ዲግሪውን እሳቸው ነገሩኝ።