ጋዜጣ በማን ገንዘብ ይኖራል?

ጋዜጣ በአንባቢው ሳንቲም ብቻ የኖረበት ጊዜ በአገራችን ታሪክ እምብዛም አይገኝም። በ1890ዎቹ እንድርያስ ካቫዲያስ የተባለው ግሪካዊ በእጅ እያስጻፈ ያወጣው «አእምሮ» በዳግማዊ ምኒልክ ጥላ ሥር ነበረ። በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው «ብርሃንና ሰላም»ም የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት ፍሬ ነው። በ1960ዎቹ በኦሮምኛ የወጣው «በሪሳ» በግል ተጀምሮ ኋላ ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ በኋላ እንደ «ሪፖርተር» ያሉት የግል ጋዜጦች ደግሞ በጨረታና በክፍት ሥራ ማስታወቂያ ተደገፉ። ዛሬ ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ይሸሻል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ወረቀት ግን ይወደዳል።

በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ መሥሪያ ቤቶች የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፤ «ዜናው በስልኬ አለ» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያ መስኮት ተዘግቶ እንደነበረ አትዘንጉ። ወረቀት መንገድ እንጂ መስመር አይፈልግም።

እንግዲህ አንድ ጋዜጣ በቢሮ ውስጥ ለአሥር ሰው ሲዞር የከፈለው አንዱ ብቻ ነው። ቤተ መንግሥት ቢከፍል ለቤተ መንግሥት፣ ነጋዴ ቢከፍል ለነጋዴ ይናገራል፤ ለእኛ እንዲናገር ከወደድን ዋጋውን እኛው እንክፈል። የሰው ወርቅ አያደምቅምና።