532፦ የፋሲካን ቀን የሚመልሰው ቁጥር

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ 532 ዐቢይ ቀመር ወይም ዐውደ ቀመር በመባል ይታወቃል። የፋሲካ ቀናት በነበሩበት ቅደም ተከተል እንደገና እስኪመለሱ የሚፈጀውን የዓመታት ብዛት ያመለክታል።

የስሌቱ ውጤት ከቤተ ክርስቲያን አልፎ በገበያም ይታያል። ለ55 ቀናት በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ ከተሞች የሥጋ ገበያ ሲቀዘቅዝ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው ዓሣ ተፈላጊነቱ ይጨምራል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀናት በአንዱ ስለሚውል፣ ዓሣ አስጋሪውም ሆነ ከብት ነጋዴው ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ቁጥሩ የተገኘው ከሦስት ዑደቶች ነው። እነርሱም የሳምንቱ 7 ቀናት፣ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት የ4 ዓመት ዙርና ጨረቃ በፀሐይ ዓመት ወደ ነበረችበት ቀን የምትመለስበት የ19 ዓመት ዙር ናቸው። ሦስቱ ቁጥሮች ከ1 በስተቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ሁሉም ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ትንሹ ቁጥር ብዜታቸው 532 ነው።

ከ12ቱ የ532 አካፋዮች መካከል 19 ንዑስ ቀመር፣ 28 ዐውደ ፀሐይ፣ 76 ደግሞ ማኅተም ይባላሉ። 133 በዑደቱ ውስጥ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንባቸው ዓመታት ብዛት ነው። 532 ዓመት 194 ሺህ 313 ቀናት ሲኖሩት፣ ይህም ያለ ቀሪ 27 ሺህ 759 ሳምንታት ይሆናል።

ለአብነት 2018 ዓ.ም ሲሰላ፣ 5 ሺህ 500 ተደምሮበት 7 ሺህ 518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 በመሆኑ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13 ሲሆን፣ አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል፤ የሁለቱ ድምር 30 ነው። ከዚህ በመነሣት የዓመቱ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ላይ ያርፋል። ከ532 ዓመት በፊት፣ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት በ1486 ዓ.ም፣ በዓሉ የዋለው በዚሁ ቀን ነበር፤ በ2550 ዓ.ምም በዚሁ ቀን ይውላል።

ትውፊት ስሌቱን ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። የሥነ ፈለክ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወርም እ.ኤ.አ በ1979 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያው ስሌት ከእስክንድርያው ጋር ያለውን ዝምድና አሳይተዋል።

የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ተጨማሪ ቀናትን ስለሚያስቀር የፋሲካው ዑደት የሚዘጋው ከ5 ሚሊዮን 700 ሺህ ዓመታት በኋላ ነው። የባሕረ ሐሳብ ዑደት አጭር የሆነው እንዲህ ያለ ማስተካከያ ስለሌለው ሲሆን፣ በአንጻሩ በ532 ዓመት ውስጥ ስሌቱ ከሰማይዋ ጨረቃ ጋር ሁለት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት ይፈጥራል። ይሁን እንጂ የመጪውን ዘመን በዓል በመደመር፣ በማባዛትና በማካፈል ብቻ ማወቅ የሚቻለው በዚሁ ያልተቋረጠ ዑደት ምክንያት ነው።