የሽቦ አልባ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር፡ ምንነቱና ትክክለኛው የሚገኝበት መንገድ

ሽቦ አልባ የኔትወርክ ካርድ ኮምፒዩተርን ያለ ገመድ፣ በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት ከመረብ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ እንደ ትንሽ ሰሌዳ ሆኖ የሚገጠም ሲሆን፣ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ ሆኖ ይገኛል። ድራይቨር የሚባለው ደግሞ በካርዱና በኮምፒዩተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው። ካርዱ ምንም ጉድለት ባይኖርበት እንኳ ድራይቨሩ ከሌለ፣ ወይም የሌላ ካርድ ድራይቨር ከተጫነ፣ ኮምፒዩተሩ መሣሪያውን ሊገለገልበት አይችልም።

በመሥሪያ ቤቶች ይህ ችግር የሚታየው በአብዛኛው ኮምፒዩተሩ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ነው። ስክሪኑና ድምፁ እንደ ወትሮው ይሠራሉ፤ የዋይፋይ ምልክቱ ግን ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ካርዱ ተበላሽቷል ተብሎ ኮምፒዩተሩ ለጥገና ይላካል፤ ሲብስም ከአገልግሎት ውጪ ከሆኑ ንብረቶች ጋር መጋዘን ይገባል። በሌላ በኩል ችግሩን በጥድፊያ ለመፍታት የተነሳ ሠራተኛ ከማይታወቅ ድረ ገጽ ያገኘውን ፕሮግራም የመሥሪያ ቤቱ ሰነዶች በተቀመጡበት ኮምፒዩተር ላይ ይጭናል። ከሁለቱ ጉዳቶች የኋለኛው የከፋ ነው።

ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ችግሩ በእርግጥ የድራይቨር መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል። አንዳንድ ላፕቶፖች ሬዲዮውን የሚያጠፋ ማብሪያ በጎናቸው ወይም በኪቦርዳቸው ላይ ያላቸው ሲሆን፣ ሳይታወቅ የሚነካበት ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የአውሮፕላን ሞድም ተመሳሳይ ውጤት አለው። እነዚህ ከታዩ በኋላ በስታርት ቁልፍ ላይ የማውሱን ቀኝ በመጫን ዲቫይስ ማኔጀር የተሰኘው ገጽ ይከፈታል። ካርዱ በስሙ ተመዝግቦ ሳይሆን “ኔትወርክ ኮንትሮለር” በሚል ጥቅል መጠሪያ ቢጫ ምልክት ይዞ ከታየ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ነው። መሣሪያው ላይ ሁለት ጊዜ ሲጫን የሚወጣው የስህተት ቁጥርም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። ቁጥር 28 ድራይቨር አለመጫኑን፣ ቁጥር 22 መሣሪያው በተጠቃሚ መዘጋቱን፣ ቁጥር 10 መሣሪያው ሊነሳ አለመቻሉን ያመለክታል። ቁጥር 22 የታየበት ካርድ አዲስ ድራይቨር አያስፈልገውም፤ እንዲከፈት ማዘዝ ብቻ በቂ ነው። ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ግን ጉዳዩ ካርዱ በትክክል ካለመገጠሙ፣ በባዮስ ከመዘጋቱ ወይም ከመበላሸቱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል የድራይቨር ፍለጋው ጊዜ ከማባከን አያልፍም።

ችግሩ የድራይቨር መሆኑ ሲታወቅ ቀጣዩ ሥራ የካርዱን እውነተኛ ማንነት ማወቅ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው። ተጠቃሚዎች በካርቶኑ ወይም በላፕቶፑ ሽፋን ላይ የተጻፈውን ስም ይዘው ይፈልጋሉ። ይሁንና ድራይቨር የሚዘጋጀው በካርዱ ውስጥ ላለው ቺፕ እንጂ ለሽያጭ ስሙ አይደለም። አንድ የላፕቶፕ ሞዴል እንደተመረተበት ጊዜ በአንዱ ላይ የኢንቴል፣ በሌላው ላይ የሪልቴክ ካርድ ተገጥሞበት ሊገኝ ይችላል። በዚህ ረገድ በባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ ቲፒ ሊንክ የተባለው ኩባንያ ያመረተው ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የዩኤስቢ ካርድ ነው። የመጀመሪያው እትም ኤአር9271 የተሰኘውን የአቴሮስ ቺፕ የያዘ ሲሆን፣ ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ግን የሪልቴክ ቺፕ ተተክቶበታል። ስሙ አልተለወጠም፤ ለመጀመሪያው የተዘጋጀው ድራይቨር ግን ለሁለተኛው አያገለግልም። ልዩነቱ የሚታወቀው በመለያ ወረቀቱ ላይ በትንሹ ከተጻፈው የእትም ቁጥር ነው።

ቺፑን በእርግጠኝነት የሚያሳውቀው አምራቾች በውስጡ የሚያስቀምጡት መለያ ቁጥር ነው። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ መሣሪያው ተመርጦ “ፕሮፐርቲስ”፣ ቀጥሎም “ዲቴይልስ” ሲከፈት፣ ከተዘረዘሩት አማራጮች መካከል “ሃርድዌር አይዲስ” የሚለውን በመምረጥ ይገኛል። የሚወጣው ጽሑፍ ረጅምና ግር የሚያሰኝ ቢሆንም የሚፈለጉት ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው። ቪ፣ ኢ፣ ኤን ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት በኋላ ያሉት አራት ምልክቶች አምራቹን፣ ዲ፣ ኢ፣ ቪ ከሚሉት በኋላ ያሉት አራቱ ደግሞ መሣሪያውን ያመለክታሉ። ለምሳሌ ያህል 8086 የኢንቴል ቁጥር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ቁጥር መጠቀሙ ለማስታወስ ይረዳል። ከ8086 ጋር 2723 ከታየ ካርዱ ኢንቴል ኤኤክስ200፣ 2725 ከታየ ኤኤክስ210፣ 4222 ከታየ ደግሞ በ2000ዎቹ አጋማሽ በነበሩ ላፕቶፖች ላይ የተለመደው 3945ኤቢጂ ነው። የሪልቴክ ቁጥር 10ኢሲ፣ የብሮድኮም 14ኢ4፣ የአቴሮስ 168ሲ ሲሆን፣ ፊደላቱ በስክሪኑ ላይ በላቲን ይታያሉ። በዩኤስቢ ለሚሰኩ ካርዶች አጻጻፉ ትንሽ ይለያል፤ አምራቹን የሚጠቁሙት ፊደላት ቪ፣ አይ፣ ዲ፣ መሣሪያውን የሚጠቁሙት ደግሞ ፒ፣ አይ፣ ዲ ናቸው።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ድራይቨሩን ለመፈለግ ቀዳሚው ቦታ የኮምፒዩተሩ አምራች ድረ ገጽ ነው። ዴል በላፕቶፑ ላይ የሚለጥፈው ሰባት ምልክቶች ያሉት የሰርቪስ ታግ ቁጥር፣ ኤችፒና ሌኖቮ ደግሞ የሚሰጡት ተከታታይ ቁጥር ለዚያው ኮምፒዩተር የተዘጋጁትን ድራይቨሮች ለይቶ ያወጣል። አምራቾች አንዳንድ ጊዜ ድራይቨሩን ለራሳቸው ምርት ስለሚያስተካክሉት ይህ ምንጭ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። ከዚያ የታጣ እንደሆነ የቺፑ አምራች ድረ ገጽ ይታያል፤ ኢንቴል ለካርዶቹ ድራይቨር በቀጥታ ያቀርባል። ሦስተኛው ማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ የተሰኘው ገጽ ሲሆን፣ ከላይ የተገለጸውን መለያ ቁጥር እንዳለ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ በማስገባት ለመፈለግ ያስችላል።

እዚህ ላይ አንድ ግልጽ ችግር አለ። ኔትወርክ የሚያስገኘውን ሶፍትዌር ለማውረድ ኔትወርክ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ የገመድ መሰኪያ ካለው በኬብል ማገናኘት ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ ዊንዶውስም በዚሁ አጋጣሚ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ሊጭነው ይችላል። ገመድ በሌለበት አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አያይዞ ኢንተርኔቱን ማጋራት የሚቻል ሲሆን፣ የቅርብ ጊዜ ዊንዶውስ ለዚህ የተለየ ድራይቨር አይጠይቅም። ሁለቱም ካልተቻለ በሌላ ኮምፒዩተር ወርዶ በፍላሽ ይመጣል፤ ፍላሹ ከመሰካቱ በፊት በጸረ ቫይረስ መፈተሹ ግን አይዘነጋም። አንዳንድ አዳዲስ የዩኤስቢ ካርዶች መጀመሪያ ሲሰኩ ራሳቸውን እንደ ሲዲ አስመስለው ይቀርባሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ድራይቨሩ እዚያው ውስጥ ስለተቀመጠ ነው።

የተገኘው ፋይል ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋርም መጣጣም አለበት። ለ32 ቢት የተዘጋጀ ድራይቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ። ዊንዶውስ 11 የሚገኘው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ ጥያቄው በዋናነት የሚነሳው በቀደሙት ላይ ነው። ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት ጠቃሚ ማጣሪያም አለ። በድራይቨር ጥቅል ውስጥ ስሙ በአይ፣ ኤን፣ ኤፍ ፊደላት የሚያበቃ ፋይል ይገኛል። ይህ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ በኖትፓድ ተከፍቶ የካርዱ መለያ ቁጥር በውስጡ ይፈለጋል። ቁጥሩ ከሌለ ጥቅሉ ለዚያ ካርድ የተዘጋጀ አይደለምና ምንም ነገር ሳይጫን ማወቅ ይቻላል።

ኢንተርኔት ላይ “ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እናገኛለን” የሚሉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ድራይቨር በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ከፍተኛ ሥልጣን ይዞ የሚሠራ ሶፍትዌር እንደመሆኑ ምንጩ ካልታወቀ ወገን መቀበል የቢሮን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው አሳልፎ እንደመስጠት ይቆጠራል። 64 ቢት ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የዲጂታል ፊርማ የሌለውን ድራይቨር የማይቀበለውም ለዚህ ነው። ፊርማው አልተረጋገጠም የሚለው የስህተት ቁጥር 52 ሲወጣ ጥበቃውን አጥፍቶ መጫንን የሚመክሩ ጽሑፎች ይታያሉ፤ በመንግሥት ኮምፒዩተር ላይ ግን ሌላ ድራይቨር መፈለግ እንጂ ጥበቃውን ማንሳት ተገቢ አይሆንም። ለመጫን የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ስለሚጠየቅም ሥራው በመሥሪያ ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል በኩል ቢከናወን ይመረጣል።

ካርዱ ኔትወርኮችን እያየ ነገር ግን አልገናኝም የሚልበት ሁኔታም አለ። ይህ ብዙውን ጊዜ የይለፍ ቃል ስህተት ተደርጎ ይወሰዳል፤ ምክንያቱ ግን የድራይቨሩ እርጅና ሊሆን ይችላል። ደብሊውፒኤ2 የተባለው የጥበቃ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን፣ የዋይፋይ ማረጋገጫ ለሚሰጣቸው አዳዲስ መሣሪያዎች ግዴታ የሆነው በ2006 ነው። ደብሊውፒኤ3 ደግሞ በ2018 ተከተለ። አዲሱን ዘዴ ብቻ እንዲቀበል የተደረገ ራውተር የቆየ ድራይቨር ያለውን ኮምፒዩተር አያስገባም። ድራይቨርን ማደስ ለደኅንነትም የሚጠቅም መሆኑ በ2017 በቤልጅየም የሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት “ክራክ” የተሰኘ የደብሊውፒኤ2 ክፍተት፣ በ2021ም “ፍራግ አታክስ” የተባሉት ክፍተቶች ሲገለጹ ታይቷል። የካርድ አምራቾች ለእነዚህ ማስተካከያ ያወጡት በአዳዲስ ድራይቨሮች ጭምር ነበር።

በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ረገድ ሁኔታው ይከብዳል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። አንዳንድ አሮጌ ካርዶች ለአዲሱ ዊንዶውስ የተዘጋጀ ድራይቨር የላቸውም። ሊኑክስ ብዙዎቹን የቆዩ ካርዶች ያለ ተጨማሪ ፍለጋ ያውቃቸዋል፤ የቀረው ችግር ለቺፑ የሚጫነው ፈርምዌር ነበር። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 12ኛ እትሙ ጀምሮ ፈርምዌሩን ከመጫኛው ጋር አካቷል።

ድራይቨር ሊፈታው የማይችለው ችግርም አለ። ኢንቴል ኤኤክስ201 ከኤኤክስ200 ጋር በስምም በመልክም ቢመሳሰልም ሥራውን በከፊል የሚያከናውነው በኮምፒዩተሩ ዋና ቺፕ ውስጥ ስለሆነ፣ ይህን በማይደግፍ ላፕቶፕ ላይ ቢገጠም ምንም ዓይነት ድራይቨር አያነቃውም። የቀድሞ የኤችፒና የሌኖቮ ላፕቶፖችም በባዮሳቸው ከተፈቀዱት ውጪ ያለ ካርድ ሲገጠም ለመነሳት እምቢ የሚሉበት ጊዜ ነበር። መለዋወጫ ካርድ የሚገዛ ክፍል ከዋጋው በፊት ይህን ማጣራት ይኖርበታል።

አዲስ ድራይቨር ተጭኖ ግንኙነቱ ከበፊቱ የባሰ እንደሆነ በዚያው የፕሮፐርቲስ ገጽ “ሮል ባክ ድራይቨር” የሚለው ቁልፍ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ኮምፒዩተር ፎርማት ከመደረጉ በፊት ደግሞ ፒኤንፒ ዩቲል የተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ከውጭ የተጫኑትን ድራይቨሮች ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ያስችላል። የካርዱ መለያ ቁጥር በንብረት መዝገቡ ላይ ከኮምፒዩተሩ ተከታታይ ቁጥር ጎን ቢሰፍር፣ ቀጣዩ ባለሙያ ኮምፒዩተሩን ሳይከፍት የሚፈልገውን ፋይል አስቀድሞ አዘጋጅቶ መምጣት ይችላል።