ዜና አፊሌ

ከሮም በስተ ምሥራቅ፥ በሱቢያኮ ተራሮች መካከል፥ አፊሌ የምትባል መንደር አለች። ከባሕር ወለል 680 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በኮረብታ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕዝቧም ከ2,000 አይበልጥም። ምድሯ ወይን ታበቅላለች፥ ቼዛኔዜ ከተባለው ጥቁር ወይንም አንዱ ዘር በስሟ ይጠራል። የዚህችን መንደር ዜና እንጽፋለን።

ከጌታ ልደት በኋላ 500 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ በነዲክቶስ የተባለ ወጣት የሮም ተማሪዎችን ርኩሰት ጠልቶ ትምህርቱን ተወ። ያሳደገችው ሞግዚትም ተከተለችው፤ ወደ አፊሌ ወጥተው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ተጠጉ። ሴቲቱም ስንዴ ልታጠራ ከጎረቤት ወንፊት ተውሳ ገበታ ላይ አኖረችው፤ ወድቆም ለሁለት ተሰበረ። የሰው ዕቃ ነውና አለቀሰች። በነዲክቶስም ስብራቱን አንስቶ እያነባ ጸለየ፤ ከጸሎቱ ሲነሣ ወንፊቱ ስንጥቅ እንኳ ሳይታይበት ደኅና ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹም ተደንቀው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰቀሉት፤ እስከ ሎምባርዶች ዘመን በዚያ እንደ ነበረ የሮም ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ጽፏል። በነዲክቶስ ግን ውዳሴ ሰውን ሸሽቶ፥ ሞግዚቱን በስውር ትቶ፥ ወደ ሱቢያኮ ዋሻ ገባ። በኋላም የምዕራብ መነኮሳት አባት ተባለ።

ከዚህም በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1874 ዓ.ም. በዚያው ተራራማ አገር፥ በፊሌቲኖ፥ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ተወለደ። ይህ ሰው በኢትዮጵያ የኢጣሊያ እንደራሴ ሳለ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ቢጥሉበት፥ አዲስ አበባ ሦስት ቀን በደም ታጠበች፤ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። በግንቦትም የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት እንዲፈጅ ጄኔራል ማሌቲን አዘዘ፤ 297 መነኮሳት ተረሸኑ ብሎም ራሱ ለሮም በቴሌግራም አስታወቀ።

በ1942 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት ፈረደበት። የተፈረደበትም ከጀርመኖች ጋር ስላበረ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ ደም የጠየቀው ዳኛ የለም። በጥቂት ወራትም ተፈታ፤ በ1947 ዓ.ም. ሞቶ በአፊሌ ተቀበረ።

ነሐሴ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. የመንደሪቱ ሹማምንት በራዲሞንቴ መናፈሻ መታሰቢያ አቁመው መረቁለት፤ «አገር»፥ «ክብር» ብለውም ቀረጹበት። ኢትዮጵያውያን በየአገሩ ሰልፍ ወጡ፤ ከኢጣሊያውያንም ብዙዎች ተቃወሙ።

እኛም እንላለን፦ የመነኮሳት አባት በጸለየበት ኮረብታ መነኮሳትን ያስፈጀ ሰው ሊከበር አይገባም። አፊሌ በቅዱሷና በወይኗ ትመስገን፤ ልጆቿም የግራዚያኒን ሥራ እንደ ሆነው ይማሩ። በዚያ ድንጋይ ላይ የሚቀረጽ ክብር ካለ፥ ለደብረ ሊባኖስ ሰማዕታት ይሁን።