ደብዳቤው የት አለ? የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ታሪክ በአጭሩ
ሒሳብ የሚይዝ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው የገንዘብ ጉድለትን ነው። ከዓመታት በፊት አብራኝ ትሠራ የነበረች ገንዘብ ያዥ ጉድለት ተገኘብሽ ተብላ በቃል ብቻ ተሰናበተች። ደብዳቤ አልተሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀችም። የገቢ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ እንደነበር ሲታወቅ ወደ ሥራ ለመመለስ የምትከስበት ጊዜ አልፏል።

ሕግ ግን ነበር። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 የሠራተኛ ማኅበራትንና የኅብረት ድርድርን እውቅና ሰጠ። ከዚያ በ1968 ቁጥር 64፣ በ1985 ቁጥር 42፣ በ1996 ቁጥር 377 ተከታተሉ። ዛሬ የሚሠራበት በ2011 የወጣው ቁጥር 1156 ነው። የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን ያሳደገው፣ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን በግልጽ የከለከለውም እሱ ነው።

በዚህ አዋጅ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተም በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። እኛም ወደ ሥራ ለመመለስ መክሰስ የምንችለው በ3 ወር ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ቀኑን መዝግቡ፤ የፈረማችሁበትን ሁሉ ቅጂ ያዙ።