ሐረር ያልደረሰው ባቡር፦ የድሬዳዋ ጣቢያና የጥገና ግቢ አመሠራረት

የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያና ከጎኑ የተዘረጋው ሰፊ የማቆሚያና የጥገና ግቢ እንዴት ተቆረቆሩ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ አጭር ነው፤ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው ከግርጌው ቆመ ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም መረጃዎቹን በየዘመናቸው አስቀምጠን ስንመዝናቸው ምክንያቱ ከአንድ በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። በተለይም ግቢው ለምን እዚያ ተተከለ የሚለውን ለምን እዚያው ጸና ከሚለው ለይተን መመርመር ይኖርብናል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ መስመሩን በሦስት ክፍል ያስቀምጠዋል፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል ነጭ ዓባይ። ድሬዳዋ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ስሟ የለም። ኢልግና ፈረንሳዊው ሸሪኩ ሊዮን ሸፍኔ ያቋቋሙት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ዓላማ ሐረር ነበረች። ባቡሩ ግን በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1902) የደረሰው ከሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከደቻቱ ወንዝ ዳር ሜዳ፣ ከዛሬዋ ድሬዳዋ ነው። የተጓዘውን ርቀት አንዱ ጸሐፊ 309፣ ሌላው 310፣ ሦስተኛው 311 ኪሎ ሜትር ይለዋል፤ ልዩነቱ መለኪያው ከየት ተነሥቶ የት እንዳበቃ ካለመግለጽ የመጣ ስለሚመስል የክርክሩን ፍሬ ነገር አይነካም።

የመልክዓ ምድሩ ማስረጃ ጠንካራ መሆኑን አንክድም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ ይህን ከፍታ በአጭር ርቀት ለመውጣት ለእንፋሎት ባቡር ብዙ ጥምዝምዝ፣ ብዙ ቆረጣና ብዙ ወጪ ያስፈልገዋል። ይሁንና ተራራው በ1895 ዓ.ም. የበቀለ አይደለም። በጊልዴሳ ኬላ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ መንገዱን ለዘመናት ያውቀዋል፤ በምኒልክ አገልግሎት ብዙ ዓመት የቆየው ኢልግም የአገሩን አቀማመጥ ሳያውቅ ሐረርን በፈቃዱ ላይ አሰፈረ ለማለት ይቸግራል። በመካከሉ የተለወጠው የኩባንያው አቅም ነው። የፓሪስ ባለ ገንዘቦች አክሲዮኑን በሚፈለገው መጠን ባለመግዛታቸው የእንግሊዝ ባለ ሀብቶች ገቡ፤ ይህን የሰጋው የፈረንሳይ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1902 በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለሃምሳ ዓመት ሊደጉም ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ። ውሉ መስመሩን ለባዕድ መንግሥት ቁጥጥር አሳልፎ የሚሰጥ በመሆኑ ምኒልክን ክፉኛ አስቆጣ። እንግዲህ ሁለቱን ማስረጃዎች ስናጣምር፣ ካዝናው እየሳሳ በሄደ መጠን ተራራው እየረዘመ ሄደ ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም። በጣቢያው ዙሪያ የበቀለው መንደር በመጀመሪያ አዲስ ሐረር መባሉም፣ ጣቢያው ላልደረሰባት ከተማ ምትክ ሆኖ መታሰቡን ያመለክታል።

ሁለተኛው ዘመን የመቆም ዘመን ነው። ኩባንያው በዕዳ ተዘፍቆ ሲፈርስ መስመሩ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ተገታ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ ፈቃድ ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጥቶ ሌላ ኩባንያ እስኪቋቋም ድረስ ከባሕር የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚሁ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። የጊልዴሳ ኬላ ተዳከመ፤ መጋዘኑና የንግድ ቤቱ ወደ ሐዲዱ ተጠጋ። ኩባንያው በቀጥታ ጎዳናዎች የቀየሰው የከዚራ ሰፈር ከደቻቱ በአንዱ ወገን፣ የአገሬው ገበያ መጋላ በሌላው ወገን አደጉ።

ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ግቢው ሊከስም ይገባው ነበር፤ የመጨረሻ ጣቢያ መሆኑ ቀርቶ ድሬዳዋ መተላለፊያ ሆናለችና። እንዳይከስም ያደረገው፣ በእኛ ሚዛን፣ ሌሊቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር፤ ተጓዡም በድሬዳዋና በአዋሽ ያድራል። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ዝም ብሎ አያድርም፤ አመዱ ይጠረጋል፣ ጋኑ ውሃ ይሞላል፣ መገጣጠሚያው ቅባት ይጠጣል፣ ፉርጎው እየተፈታ በየመድረሻው ይለያል። ይህ ሁሉ ቀጥቃጭ፣ መካኒክና ሐዲድ ቀያሪ ከነቤተሰቡ በአቅራቢያው እንዲሰፍር ግድ አለ። ስለዚህ ግቢውን የተከለው የገንዘብ እጥረት ቢሆንም፣ ያጸናው የሥራው ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የናፍጣ ባቡር መጥቶ የውሃው ጉዳይ ሲቀርም ጥገናው በድሬዳዋ ቀጠለ፤ ባለሙያው፣ መሣሪያውና ልምዱ እዚያው ነበሩና።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ታሪኩን በከፊል ደግሞታል። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አዲሱ ባቡር በአሮጌው ግቢ ሊቆም አይችልም፤ ጣቢያውም ከከተማው ውጭ ተሠራ። አንድ ጊዜ የሐረር ጣቢያ ከሐረር ውጭ እንደተተከለ ሁሉ፣ አሁን የድሬዳዋ ጣቢያ ከድሬዳዋ ውጭ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ በአዲሱ ጣቢያ ዙሪያ ሌላ ድሬዳዋ ይበቅላል ብሎ መደምደም ከማስረጃው አልፎ መሄድ ይሆናል። የቀድሞዋን ከተማ የወለዳት የባቡሩ መድረስ ብቻ ሳይሆን በእግረ መንገዱ ማደሩ ነበር፤ ዛሬ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀን የሚያቋርጥ ባቡር ግን ያንን ያህል ሰውና ሥራ በመንገዱ ላይ አያስቀርም።