ለመሸበት የተከፈተ ደጅ

በላስታ ምጽዋት ከገንዘብ በፊት ማደሪያ ነበር። ከዋግ በኩል ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄድ ተሳላሚ ብልባላ ላይ ቢመሽበት፣ ባየው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ» ይሉታል። እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቆረስለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ የሚባለው ከበላ በኋላ ነው። ዛሬም ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ በላሊበላ የከተማው ሰው የተሳላሚውን እግር ያጥባል።

ለዚህ ልማድ ሥር የሆነው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ተአምረ ማርያም፣ 78 ነፍስ ያጠፋው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውሃ እንደተማረ ይተርካል፤ «ስለ ማርያም» የሚል ለማኝ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ያደረገ ታሪክ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ጥቅምት 14 የሚዘከረው ገብረ ክርስቶስ ነው። በገድሉ እንደተጻፈው የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ልጅ ነበር። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ ወጣ፣ በባዕድ አገር ለመነ፣ ኋላም ተመልሶ በአባቱ ደጅ ወደቀ። ረጅም ዘመን እዚያው ኖረ። አባቱ በየዕለቱ በሚወጣ በሚገባበት በር ላይ የተኛው ልጁ መሆኑን ያወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ንጉሡ ለማኙን ከደጁ አላባረረም። ከደጁ አልፎም አላስገባውም።

የእኛም ደግነት እዚያው በር ላይ የቆመ ይመስለኛል። ሥርዓቱ የተሠራው ለሚሄድ ሰው ነዋ! ተሳላሚው ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ የቆሎ ተማሪውም ቁራሹን በአኩፋዳው ይዞ ወደ ጉባኤው ይመለሳል። ከብልባላ ብዙም በማይርቀው በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ የተከመረው ዐፅም ከሩቅ አገር መጥተው እዚያ ያረፉ ምእመናን እንደሆነ ይነገራል፤ እነሱ እንኳ ሊሳለሙ የመጡ እንግዶች ናቸው። የማይሄደውስ?

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ አሳዳሪው ራሱ ተሰደደ፤ የላስታና የዋግ ባላገር ቤቱን ዘግቶ ወደ ኮረም ወረደ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስም ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ሌሊት ማሳደር አይበቃውም።

ይህን ቀድመው የተረዱት ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሲሄዱ የተራበ ሕዝብ ገጠማቸው፤ የያዙትን ዳቦና ጸበል ሰጡ። ብዙ ደግ ሰው እዚህ ላይ በቅቶት ይመለሳል። እሳቸው ግን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው እኔን ወይም ልጆቹን ምረጪ ሲሏቸው ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2002 ዓ.ም. አቶ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው፤ ጎዳና የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን አንሥቶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ ያኖራል።

ለዚህ ግን የግድ መቄዶንያን የሚያህል ተቋም አያስፈልግም። ሰንበቴና ማኅበር የሌለው አጥቢያ የለንም። በየወሩ የምንዘክር ሁሉ የዘንድሮውን ድግስ ትንሽ ቀነስ አድርገን፣ በደጀ ሰላማችን ለሚያድር ለአንድ ሰው የዓመት የቤት ኪራይ እንክፈልለት።